የግዙፉ እግሮች

በካርቱም አል-ሳሃፋ ገበያ ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች ሬሕማን ከሩቅ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጠልተዋት አይደለም፤ ምላሷን ፈርተው ነው። ሌላው ገዢ አንስቶ፣ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ፣ ከፍሎ ይሄዳል። እሷ ግን አንዱን ቲማቲም ብድግ ታደርግና መጀመሪያ ጥሩ ጎኑን ትናገራለች። "ቀለሙ ሸጋ ነው፤ ቆዳውም አልተጨማደደም።" ከዚያ ወደ ደካማ ጎኑ ትሻገራለች። "ግን ሥሩ ውሃ ቋጥሯል፤ ነገን አያይም። ደግሞ ላይ የደረደርሽውና ታች የቀበርሽው አንድ ዓይነት አይደለም።" ይህን ሁሉ በሱዳን ዓረብኛ፣ ሳትቆጣ፣ ችሎት እንደተቀመጠ ዳኛ ረጋ ብላ ነው የምትለው። የምትገዛው ደግሞ ሦስት ፍሬ ነው።

አሠሪዎቿም ከዚህ ፍርድ አያመልጡም። ጦርነቱ ከካርቱም ከወጣ ወዲህ ወደ ቤታቸው ለተመለሱ ሰዎች ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ ትፈገፍጋለች፣ ልብስ ታጥባለች። አብራት የምትኖረው ልጅ ሰሞኑን የምትሠራበት ቤት እንዴት እንደሆነ ብትጠይቃት፣ "ጥሩ ጎኑ ውሃ አለ። ደካማ ጎኑ ዛሂራ አለች" አለቻት። ዛሂራ የቤቱ እመቤት ናት።

ይህን ልማድ ከትውልድ አገሯ ከወሎ አላመጣችውም። ያስተማራት በእግሩ መቆም የማይችል አንድ ወጣት ሱዳናዊ ነው፤ ያስተማራትም በቪዲዮ ጌም ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። እስከ ግማሹ ድረስ ቀልድም ነበር።

ሬሕማ ካርቱም ስትገባ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የአገሯ ልጆች መጀመሪያ ማዮ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ከአምስት ሴቶች ጋር ተጋርታ፣ በበጋው አቧራ በክረምቱ ጭቃ እየረገጠች ሥራ ፈለገች። ከብዙ መንከራተት በኋላ አል-ጣኢፍ ሰፈር ከሚገኘው የሐጃ ሉጥፊያ ቤት ገባች፤ ገብታም ስድስት ዓመት ቆየች። ሐጃ ሉጥፊያ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያላቸው ልጅ ሂሻም ብቻ ነበር።

ሂሻም የምሕንድስና ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ከመዳኒ ከተማ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ አንገቱ ተጎዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ እግሮቹና ግራ እጁ አልታዘዙትም። የቀረለት ቀኝ እጁ፣ ጭንቅላቱና አንደበቱ ነበር። አንደበቱ ለጎደለው ሁሉ ይበቃ ነበር።

ሬሕማ የተቀጠረችው ምግብ ልታበስልና ልብስ ልታጥብ ነው። በሳምንቱ ግን ዋናው ሥራዋ ሌላ መሆኑ ገባት፤ ሂሻምን ማገላበጥ። ስሜት የሌለው ገላ በአንድ ጎን ብዙ ከቆየ ሥጋው ይሞታል፤ ቁስሉ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ሐኪሙ ለእናትየው፣ "እንዲህ ያለውን ሰው የሚገድለው አደጋው አይደለም፣ ከቁስሉ የሚመጣው ትኩሳት ነው" ብሎ በግልጽ ነግሯቸዋል። ስለዚህ በየሦስት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን የሚያዞረው ሰው ያስፈልጋል። ሐጃ በዚያ ጉልበታቸው አይችሉትም። ሬሕማ አንድ ጉልበቷን አልጋው ላይ ተክላ፣ ክንዷን በትከሻው ሥር አሳልፋ፣ "ዋሒድ፣ እትኔን፣ ያላ" ብላ እስከ ሁለት ቆጥራ ታዞረዋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ቁስል አልወጣችበትም። በዚህ ትኮራ ነበር፤ ኩራቷንም አትደብቅም።

ሂሻም ሥራ ነበረው፤ ሥራ ነው ብሎ የሚያምነው እሱ ብቻ ቢሆንም። ቴሌቪዥን ፊት ተደግፎ ጌም ይጫወታል፤ ሲጨርስ ስለ ጌሙ የሚያስበውን በስልኩ ቀድቶ በኢንተርኔት ይለቀዋል። ከኦምዱርማን እስከ ካይሮ የሚሰሙት ሰዎች ነበሩ። ሕጉ ሁለት ነው። ያልጨረሰው ጌም ላይ አይፈርድም። ጥሩ ጎኑን ሳያስቀድም ደግሞ ደካማ ጎኑን አይናገርም። "መንቀፍማ ማንም ይችላል" ይል ነበር። "መጀመሪያ ለምን እንደወደድከው ተናገር፤ ከዚያ ስትወቅሰው ሰው ያምንሃል።"

በአንድ እጅ የሚሆኑ ጌሞችን እየመረጠ ኖረ። አንድ ቀን ጓደኛው አዲስ ዲስክ አመጣለት። ፎቅ የሚያካክሉ የብረት ሰዎች ከተማ መሐል የሚዋጉበት ጌም ነው፤ በእያንዳንዱ ሮቦት ደረት ውስጥ አንድ ነጂ ተቀምጧል። የእንግሊዝኛ ስም ነበረው፤ ሂሻም ግን "ዓማሊቅ" ነበር የሚለው፤ ግዙፎቹ ማለቱ ነው። ችግሩ ጆይስቲኩ ነበር። የቀኙ ዘንግ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል፤ የግራው ዘንግ እግሮቹን ያራምዳል። የሂሻም ግራ እጅ ደግሞ አይሠራም።

ሁለት ቀን ሙሉ ዲስኩን እያየ ተበሳጨ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ "ሬሕማ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ" አላት።

ጆይስቲኩን ትራስ ላይ አድርገው በመሐላቸው አስቀመጡት። ቀኙን እሱ፣ ግራውን እሷ ያዙ። ግዙፉ ሁለት እርምጃ ሄዶ ከግድግዳ ጋር ተላተመ።

"አንቺ እግር ነሽ" አላት። "እግር አያስብም፤ ይሄዳል።"

"ካላሰበማ ይኸው ይላተማል፣ ያ ባሽሙሃንዲስ" አለችው። ባሽሙሃንዲስ ኢንጂነር ማለት ነው፤ ስታሾፍበትም ስታከብረውም በዚሁ ስም ነበር የምትጠራው።

በወሩ ጎበዝ ሆነች። ሂሻም የጌሙ ትልቁ ጥንካሬ ክብደቱ ነው ይል ነበር። በሌሎች ጌሞች ቁልፉ ሲነካ ሰውየው እንደ ፌንጣ ይዘላል። ዓማሊቅ ላይ ግን ዘንጉ ሲገፋ ግዙፉ መጀመሪያ ያዘነብላል፣ ቀጥሎ እግሩን ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው መሬቱ የሚንቀጠቀጠው። ሬሕማ ይህን ማንም ሳያስረዳት ገባት። ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ሳያዘነብል መራመድ እንደማይቻል ያውቃል። ሂሻም ሊያነጣጥር ሲል ቀድማ ትቆምለታለች፤ ተኩሶ ሲጨርስ ወደ ኋላ ትልለታለች። ሐጃ ሉጥፊያ በበሩ ብቅ ብለው "ሩዙ አረረ" ይላሉ። ያን ዓመት ብዙ ሩዝ አርሯል።

ሂሻም በየመሐሉ አስተያየቷን ይጠይቃታል። መጀመሪያ ላይ "ደህና ነው" ነበር የምትለው። "ደህና ነው የሚባለው ለሾርባ ነው። ምኑ ነው ደህናው?" ይላታል። ቀስ በቀስ አንደበቷ ተፈታ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግዙፉን ቀጥ አድርጋ አቆመችና ቴሌቪዥኑን በጣቷ አሳየችው።

"እነዚህ ቤቶች ጣሪያ ላይ ልብስ ተሰጥቷል" አለች።

"አዎ። አሠራሩ ደስ አይልም?"

"ማን አሰጣው? ስንት ወር ሙሉ ከተማ ስናፈርስ አንድ ሰው ከቤቱ ሲወጣ አላየሁም። የተሰጣ ልብስ ካለ ያጠበው ሰው አለ።"

ሂሻም የየጌሙን ጥሩና ደካማ ጎን የሚመዘግብበትን ደብተር እንድታቀብለው ጠየቃት። "ደካማ ጎን" ከሚለው ርዕስ ሥር ጻፈው። ከላዩ ሌሎች ነበሩ። ግዙፉ ለመዞር ዘመን ይፈጅበታል። ተልዕኮው ካላለቀ ጨዋታው አይመዘገብም፤ መብራት ከጠፋ የአንድ ሰዓት ልፋት ገደል ይገባል። በካርቱም መብራት የማይጠፋበት ቀን ስላልነበረ ይህ ከጠላት ሮቦቶች ሁሉ የከፋ ጠላታቸው ነበር።

በዝርዝሩ ራስ ላይ በትልቁ የተጻፈው ግን መውጫው ነበር። በጆይስቲኩ ግራ በኩል ያሉት ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ከተጫኑ የግዙፉ ደረት ይከፈትና ነጂው ከነወንበሩ ተወርውሮ ይወጣል፤ ማሽኑ ባዶውን ቆሞ ይቃጠላል። ቁልፎቹ ያሉት በሬሕማ ጣቶች ሥር ነው። ግዙፉ በተመታ ቁጥር ጣቶቿን ይበላታል።

"እንዳትነኪው" ይላታል ሂሻም። "ይህ ለፈሪ የተከፈተ በር ነው። እንዲህ ያለ ጌም ላይ ምን ሊሠራ እንደገባ አላውቅም።"

ስለዚህ አልነካችውም። ስንቴ አብረው ተቃጠሉ።

የመጨረሻው ተልዕኮ ድልድይ ላይ ነው። በሸራ የተሸፈኑ የጭነት መኪኖች ድልድዩን እስኪሻገሩ ግዙፉ ብቻውን ጠላትን ማቆም አለበት። መኪኖቹ ውስጥ ሕዝብ አለ ይባላል፤ አይታይም። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩት። አራቱን መብራት፣ ሰባቱን ጠላት አበላሸባቸው። ሂሻም ካልጨረሰ አይፈርድምና ደብተሩ ተከፍቶ እንደተቀመጠ ቀረ።

ጦርነቱ የጀመረው በሮመዳን መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አል-ጣኢፍ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስለማይርቅ መጀመሪያ ከሰሙት ውስጥ ነበሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ባዶ ሆነ። መኪና ያለው በመኪና፣ የሌለው በእግሩ ወጣ። የሐጃ ወንድም ረሺድ መዳኒ ነው የሚኖረው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት "መጥቼ አወጣችኋለሁ" ብሎ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ሂሻም ተኝቶ ካልሆነ አይጓዝም፤ ተኝቶ የሚወስደው መኪና ደግሞ በሰፈሩ አልቀረም። ታጣቂዎች መንገዱ ጥግ ላይ ሰፈሩ። ሬሕማ ዳቦ ልትሰለፍ ወጥታ ስልኳን ቀሟት፤ ስልክ ብቻ በመቀማታቸው አላህን አመሰገነች።

መብራት ጨርሶ ጠፋ። ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ግን እኩለ ቀን ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ቴሌቪዥን ያበራል። እነሱም ድምፁን አጥፍተው፣ እውነተኛው ውጭ እየፈነዳ፣ ዓማሊቅን ይጫወቱ ነበር። እብደት ነው የሚል ይኖራል። የሚል ሰው አምስት ሳምንት መስኮት ሳይከፍት ይቀመጥና ይየው። ሐጃ ሉጥፊያ እንኳ አልከለከሏቸውም፤ የልጃቸው ፊት ወደ ቀለሙ የሚመለሰው በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ብቻ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ናስራ በጓሮ በኩል መጣች። ናስራም የወሎ ልጅ ናት፤ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ነበረች። አሠሪዎቿ ቁልፉን ሰጥተዋት ወደ ግብጽ ሄደዋል።

"ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሐፍላ አለ" አለቻት፤ አውቶቡስ ማለቷ ነው። "እስከ ገዳሪፍ ይወስደናል። ሁሉም የአገራችን ሰው ነው። ቦታ ይዤልሻለሁ።"

"ሂሻምስ?"

"የት እናድርገው? እኛ ራሳችን ተደራርበን ነው። ኧረ በአላህ ሬሕማ፣ ከትናንት ወዲያ ማዶ ካለው ቤት ገብተው ሴቶቹን ምን እንዳደረጉ ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

"እና?"

"እኔ ከሄድኩ ማን ያገላብጠዋል?"

ናስራ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ነገ ጠዋት በር ላይ እመጣለሁ። ካልወጣሽ ትቼሽ እሄዳለሁ፤ ወላሂ እሄዳለሁ" ብላ በመጣችበት ተመለሰች። ድምጿ ቁጣ ይመስል ነበር እንጂ ፍርሃት ነበር።

ሬሕማ ወደ ክፍሉ ስትገባ ሂሻም ሁሉንም ገምቷል።

"አልሄድም" አለች። "ኻልህ ሲመጣ አብረን እንሄዳለን።" ኻል የእናት ወንድም ነው፤ ረሺድን ማለቷ ነበር።

"ያላ፣ ድልድዩ" አለ እሱ።

አሥራ ሁለተኛ ሙከራቸው ነበር። መኪኖቹ ድልድዩን ሲያጋምሱ የግዙፉ ግራ እግር ተመታ። ግዙፉ በጉልበቱ ወደቀ። ሬሕማ ዘንጉን ገፋች፤ እየተሳበ አንድ ክንድ ያህል ሄደ፤ እንደገና ተመታ። ጣቶቿ ሁለቱ ቁልፎች ላይ ነበሩ። "እንዳትነኪው" እስኪላት ጠበቀች። አላላትም። ቀና ብላ ስታየው ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም፤ እጇን ነበር የሚያየው። ወዲያው የሶላሩ ኃይል አለቀና ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

"ስልኬን አቀብይኝ" አላት። "ለኻል ልደውልለት።"

በቀኝ እጁ ደወለ፤ ጆሮው ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ከዚያ ፊቱ በራ።

"አሰላሙ ዐለይኩም ያ ኻል። ከይፍ? ተማም? ኢንሻአላህ ሁላችሁም ደህና?" አለ። ጆሮውን ሰጥቶ ቆየ። "አልሐምዱሊላህ። ሚስትህስ? ጀርባዋ ተሻላት?" ቆየ። ሦስቱን ሴት ልጆች እያንዳንዳቸውን በስም ጠየቀ፤ በየስሙ መካከል መልስ ሰማ። የታመመችውን ላም ጠየቀ። ላሟ መዳኗን ሲሰማ ሳቀ። ጎረቤቱን ጠየቀ፤ የጎረቤቱን ወፍጮ ጠየቀ። እንደገና "ከይፍ?" አለ፣ ከመጀመሪያው። ወደ ዋናው ጉዳይ የገባው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እሱም አጭር ነበር። "ነገ? ከዙሁር ሶላት በፊት? ኸላስ፣ እንጠብቃለን።"

ሬሕማ በዚህ አገር ስትኖር ጠንቅቃ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ሰላምታ ነው። ሱዳናዊ ስልክ ሲደውል ሰላምታው ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያስጨርሳል። የሚዋሽ ሰው፣ የሚበደር ሰው፣ መርዶ የያዘ ሰው ሰላምታውን ያሳጥራል። ሐጃ ሉጥፊያ ራሳቸው፣ "ሰላምታው ያልተሟላ ሰው የሚለውን አትመኚ" ብለዋታል። ይህ ግን እስከ ላሟና እስከ ወፍጮው የተሟላ ሰላምታ ነበር። እሷም አመነች።

"ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ አብረውት ናቸው" አላት ሂሻም። "እነሱ ይሸከሙኛል። ፒካፕ ናት፤ ከኋላ ፍራሽ ይነጠፋል። ከእኔና ከእናቴ በቀር ሰው አትይዝም። አንቺ ሐፍላሽን ሂጂ፤ ገዳሪፍ ስትደርሺ እኛ መዳኒ እንሆናለን።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ" አለ። ሂሻም በቀልድ እንኳ የማይምል ሰው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አገላበጠችው። እኩለ ቀን ላይ ዙሁር እስኪደርስ እንዲመቸው ብላ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ አደረገች። ሐጃ ሉጥፊያ ከወጥ ቤት አልወጡም። ፓስፖርቷና በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሬሕማ የወጥ ቤቱን በር አንኳኳች፤ ተሰናበተቻቸው። ከውስጥ ድምፅ አልመጣም። ልቧ ተቆረጠ። ስድስት ዓመት አገልግላ፣ ነፍሷን ልታድን ስትሄድ ፊት የሚነሷት አልመሰላትም ነበር።

"ያላ፣ እግር" አላት ሂሻም ከአልጋው። "ሐፍላው ያመልጥሻል።"

ሐፍላው አላመለጣትም። ከስምንት ኬላ በኋላ ገዳሪፍ ገቡ። ናስራ ወደ አገር ቤት ቀጠለች፤ በወሎ በኩል የሚሰማው ወሬም ደህና ስላልነበረ ሬሕማ እዚያው ቀርታ ልብስ እያጠበች ኖረች። ወደ ሂሻም ስልክ ሰው እያስደወለች ጠየቀች፤ አይነሳም። በዓመቱ ማለቂያ ጦርነቱ መዳኒንም ሲይዝ እንደ ሌላው ሰው ተበትነው ይሆናል ብላ አሰበች። መርዶ አለመስማቷን እንደ ደህና ወሬ ቆጠረችው። ሐጃ ሉጥፊያን ግን ይቅር አላለቻቸውም። የዚያ የወጥ ቤት በር ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ አብሯት ኖረ።

ካርቱም ጸጥ አለች ሲባል ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመለሰች። ሳሃፋ ዕቃዋን ጥላ በማግስቱ ወደ አል-ጣኢፍ ሄደች። የግቢው በር ተነቅሎ ተወስዷል። ለመዳቡ ሲባል የመብራት ሽቦው ከግድግዳው ውስጥ ተጎልጉሎ ወጥቷል። ግቢው ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ በጡብ የተከበበ ጠባብ የአፈር ክምር ነበር፤ ራስጌው ላይ አንድ ቃል የተጻፈበት ሳንቃ ቆሟል። ሬሕማ ዓረብኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ያቺን አንዲት ቃል ግን ታውቃታለች። በሂሻም ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ የባለቤቱ ስም ሆና በትልቁ ተጽፋ ስድስት ዓመት አይታታለች።

ሐጃ ሉጥፊያ ከደረጃው ላይ ተቀምጠው ያዩዋት ነበር። እሳቸውም ከተመለሱ ሳምንታቸው ነው። በጣም ከስተዋል።

"ረሺድ አልመጣም?" አለች ሬሕማ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

"ረሺድ ነገሩን የሰማው በሁለት ወሩ ነው" አሉ ሐጃ። "ሂሻም አንቺ ፊት በደወለበት ቀን ሸበካ፣ የስልኩ ኔትወርክ፣ ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ስልኩ ውስጥ ማንም አልነበረም።"

ሬሕማ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"ላሚቱስ?" አለች።

"ላሟን እኔ እንጃ።"

"ለምን አልነገሩኝም? በሩን አንኳኩቼ ነበር እኮ።"

"ልነግርሽ ነበር" አሉ ሐጃ ሉጥፊያ። "ብነግርሽ ትቀሪ ነበር። ልጄ ነው፤ እንድትቀሪ ነበር የምፈልገው። ሌሊቱን ሁሉ ለምኖ አስማለኝ። ፊቴን ካየሽ ታውቂያለሽ ብዬ በሩን በራሴ ላይ ዘጋሁ። ያን ጠዋት ልጄንም አንቺንም ጠልቻችሁ ነበር።"

"ምን ያህል ቆየ?"

"አርባ አንድ ቀን። ባሳየሽኝ ዓይነት ሞከርኩ። ዋሒድ፣ እትኔን እልና እትኔን ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል። መጀመሪያ ወገቡ ላይ ቀላ። ከዚያ ተከፈተ። መድኃኒት ቤቶቹ ሁሉ ተዘርፈው ነበር።" ሐጃ በእጃቸው ወደ ኒሙ አመለከቱ። "መቃብር ድረስ የሚወስደው አልተገኘም። ሁለት ሽማግሎች መጥተው እዚሁ ቆፈሩለት።"

ከዚያ ሐጃ ሉጥፊያ ከጋቢያቸው ሥር ስልክ አወጡ። በሽሽቱ ሁሉ ጡታቸው ሥር ይዘውት የዞሩት የሂሻም ስልክ ነው። አንድ ያልተለቀቀ ቅጂ እንዳለበት ነግረዋት ከፈቱላት። የሂሻም ድምፅ ደክሟል፤ አነጋገሩ ግን እንደ ድሮው ነው።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ስለ ዓማሊቅ ነው። አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን ጌም አልጨረስኩትም። ሳልጨርስ ስፈርድ የመጀመሪያዬ ነው። እግሮቹ እዚህ ስለሌሉ መጨረስ አልችልም።

"ጥሩ ጎኑ ክብደቱ ነው፤ የሚረግጠው እንደ እውነተኛ ነገር ነው። ድምፁንም ላመሰግን ነበር፤ እውነተኛውን ከሰማሁ በኋላ ግን ሰርዤዋለሁ፤ እውነተኛው ይህን ያህል ግርማ የለውም። ደካማ ጎኑ፣ እንደልቡ መዞር አይችልም። በዚህ እኔ ልፈርድበት አልችልም። ሌላው፣ በተሰጣ ልብስ የተሞላ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የለም። ይህን ያየሁት እኔ አይደለሁም፣ ልብስ የምታጥብ ሴት ናት።

"አንድ እርማት አለኝ። ስለ መውጫው ቁልፍ ነው። በደብተሬ ላይ ከድክመቶቹ ሁሉ አንደኛ አድርጌው ነበር። ወደ ጥሩ ጎኑ አዛውሩልኝ። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ይሠራል።"

ከዚያ ከሩቅ የሐጃ ሉጥፊያ ድምፅ ይሰማል፤ "ሂሻም፣ ላዙርህ?" እሱም እናቱን፣ "ቆዪ ዩማ፤ ልጨርስ" ይላቸዋል፤ ቅጂው እዚያ ላይ ያበቃል።

ሬሕማ ስልኩን ለእናትየው መለሰች። ወደ ኒሙ ሄዳ ከክምሩ አጠገብ ቆመች። ልትጸልይለት ነበር፤ ሌላ ነገር ቀደማት።

"ውሸታም" አለችው።

ከሂሻም ከተማረች ወዲህ ጥሩ ጎን ሳታስቀድም የተናገረችው ያን ቀን ብቻ ነው።